ከድስቱ እስከ በጀቱ፦ የሴቶች አገልግሎት በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች

ነገሌ ቦረና በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ስሟ የገነነው በውሃ ምክንያት ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በከተማዋ የሰፈሩ የ4ኛ ክፍለ ጦር ወታደሮች የውሃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ሲከለከሉ አመፁ። ነገሩን እንዲያጣራ ከአዲስ አበባ የተላከውን ጄኔራልም ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትን አጠጡት። የ1966ቱ አብዮት የመጀመሪያው ጭስ የታየው ከዚያ ካምፕ ነበር።

ውሃ ዛሬም በዚህ አገር የቀኑን ሰዓት ይቆርጣል። «ኤላ» በሚባሉት ጥልቅ የቦረና የውሃ ጉድጓዶች ወንዶች በመሰላል ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ለከብቱ ውሃ ይቀባበላሉ፤ ለቤት የሚሆነውን ጀሪካን ተሸክሞ መመለስ ግን የሴቷ ድርሻ ነው። እንጨቱም፣ ወተቱን ለገበያ ማድረሱም፣ በገጠሩ ጎጆውን ማቆሙ ሳይቀር የእሷ ነው። ስለዚህ በነገሌ፣ በያቤሎ፣ በሜጋ ወይም በሞያሌ ያለች አንዲት አጥቢያ ቤተክርስቲያን የሴቶች አገልግሎቷ ጤናማ መሆኑን ለማወቅ የምትፈልግ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስብሰባው በስንት ሰዓት ነው የሚለው ነው። የውሃ ወረፋ በሚያዝበት ወይም ገበያ በሚደምቅበት ሰዓት የሚጠራ ኅብረት የሚያገኘው የቤት ሠራተኛ ያላቸውን እህቶች ብቻ ነው። ሌሎቹ «ቀዝቅዘዋል» እየተባሉ ይታማሉ፤ እነሱ ግን ወረፋ ላይ ናቸው።

የደቡብ አፍሪካ ሜቶዲስት ሴቶች ይህን ቀድመው አውቀውታል። «ማንያኖ» የሚባለው የጸሎት ኅብረታቸው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ የሚሰበሰበው በሐሙስ ከሰዓት ነው፤ በነጮች ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት ሴቶች ፈቃድ የሚያገኙት በዚያ ሰዓት ነበርና። ቀኑን የመረጠው የቤተክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ሳይሆን የሴቶቹ ኑሮ ነው። ኅብረቱ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀበት አንዱ ምሥጢር ይኸው ይመስላል።

በደቡብ ቆላ ከተሞች ባሉ ወንጌላውያን አጥቢያዎች «የሴቶች አገልግሎት» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሥራ ተመሳሳይ ነው። የሳምንት ጸሎት፣ መዝሙር፣ አራስ መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ለኮንፈረንስ እንግዳ ማብሰልና ማስተናገድ። ከእነዚህ አንዱም የሚናቅ አይደለም። ከደጋ ተመድቦ ለመጣ ወታደር ወይም መምህር ሚስት፣ ዘመድ በሌለበት ከተማ በወለደች በሦስተኛው ቀን ገንፎ ይዞ የሚመጣ ሰው ማግኘት ከአንድ ወር ስብከት ይበልጣል። ችግሩ አገልግሎቱ በድስቱ ላይ ሲቆም ነው። ጉባኤው ሲጠራ ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ፤ ጉባኤው ሲወስን ግን ወጥ ቤት ናቸው።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ከዚህ የሰፋ ሥዕል አለው። ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 አሮጊቶች ወጣት ሴቶችን እንዲያስተምሩ አደራ ይሰጣል፤ በሮሜ 16 ፌቤን በክንክራኦስ የምትገኘው ቤተክርስቲያን አገልጋይ ሆና ትጠቀሳለች፤ ጵርስቅላ ከባሏ ጋር ሆና አንደበተ ርቱዑን አጵሎስን የጌታን መንገድ በትክክል አስረድታዋለች። በኢዮጴ የነበረችው ዶርቃ ስትሞት መበለቶቹ ለጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነበር። ትምህርት፣ ሥልጣን፣ መርፌ፤ ሁሉም በአንድ ቤተክርስቲያን ውስጥ አለ።

የአገራችን የወንጌላውያን ታሪክም የቆመው በሴቶች ትከሻ ላይ ነው፤ ሲጻፍ ግን ስማቸው ይቀንሳል። አስቴር ጋኖ ከሊሙ እናርያ አካባቢ በልጅነቷ በባርነት ተወስዳ፣ በ1886 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች ከባሪያ ጫኝ መርከብ አስጥለው ምጽዋ አጠገብ ወዳለው የምኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ያስገቧት ልጅ ናት። የኦሮምኛ ቃላትን ሰብስባ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ እንቆቅልሹን ጻፈች። በ1894 እ.ኤ.አ. ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር የኦሮምኛ ማንበቢያ አሳተመች፤ በ1899 እ.ኤ.አ. ለወጣው ሙሉ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ዋና እጅ ነበረች። ዛሬ በነገሌ በኦሮምኛ የሚሰበክ ማንኛውም ስብከት የዚህች ሴት ዕዳ አለበት። ሆኖም የኦነሲሞስን ስም የሚያውቁ ብዙ ምዕመናን የእሷን አያውቁም።

ወደ ቆላው ስንመለስ፣ የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮን ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ገብቶ ነገሌን፣ ያቤሎንና ሜጋን ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎቹ መካከል አደረገ። ከዚያ ሥራ የበቀሉት ማኅበረ ምዕመናን ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. በተመሠረተችው በኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጥላ ሥር ናቸው። ከሰሜን በኩል ደግሞ የቃለ ሕይወት ቤተክርስቲያን መነሻ የሆነው የሱዳን የውስጥ አገር ሚስዮን በ1920 ዓ.ም. አገር ውስጥ ገብቶ ወላይታን ይዞ ወደ ደቡብ ተስፋፋ። ሚስዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ወቅት በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አገኙ። እስር ቤት ለተጣሉት መሪዎች ስንቅ ሲያመላልሱ ከነበሩት መካከል ሴቶች እንደነበሩ በሰፊው ይተረካል።

ደርግ ሲመጣ ይኸው ተደገመ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ግፍ ተፈጽሞባቸው አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በሯ ሲታሸግ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። በየቤቱ በትናንሽ ቡድን ተደብቃ ቆይታ በ1983 ዓ.ም. ስትወጣ ቁጥሩ ወደ 34,000 ደርሶ ነበር። ቤተክርስቲያን ሳሎን ውስጥ ስትሆን፣ ማን እንደሚገባ የምትወስነው፣ ቡናውን አፍልታ ጎረቤት እንዳይጠረጥር የምታደርገው፣ በር የምትከፍተውና የምትዘጋው የቤቷ እመቤት ናት። ሕንፃው ሲመለስ መድረኩ ለወንዶች መመለሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

የቆላው ሕዝብ ግን ቤተክርስቲያን ከመምጣቷ በፊት የራሱ የሴቶች ተቋም ነበረው፤ አሁንም አለው። ሲንቄ ለሙሽራዋ በሠርጓ ቀን ከእናቷ የሚሰጣት ቀጭን በትር ናት። ባሏ ከሥርዓት ውጭ ሲደበድባት፣ በተለይም አራስ ሳለች ክብሯ ሲነካ፣ ሴቲቱ እሪ ትላለች። የሰሙ ሴቶች የያዙትን ሥራ ጥለው ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ልጅ ያለቅሳል፣ ላም ሳትታለብ ትውላለች፤ መንደሩ ሴቶቹ ምን እንደሚሠሩ ያን ቀን በደንብ ያውቃል። ስሙን ዛሬ ባንክ ሳይቀር ወስዶታል። በጉጂና በቦረና ኦሮሞዎች መካከል የሚያገለግል የሴቶች ኅብረት ይህን ሥርዓት «የድሮ ነገር» ብሎ አልፎት ከሌላ አገር በመጣ የሥልጠና ጥራዝ ስለ ሴት ክብር ቢያስተምር፣ እጁ ላይ ያለውን ወርቅ ጥሎ መዳብ ፍለጋ መሄዱ ነው።

ከሲንቄ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። አንዷ ስትመታ ሁሉም ይነሳሉ፤ ጉዳዩ የባልና የሚስት የጓዳ ምሥጢር ሆኖ አይቀርም። በብዙ አጥቢያዎች የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። የተደበደበች ሴት ወደ ሽማግሌዎች ትመጣለች፤ ሽማግሌዎቹ ወንዶች ናቸው፤ ይጸልያሉ፣ «ታገሺ፣ ጸልዪለት» ይሏታል፣ ወደዚያው ቤት ይመልሷታል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ትዳር ከያዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 34 ከመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደነግጠው ሌላው ቁጥር ነው፤ 63 ከመቶ ሴቶች ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት መምታቱ ተገቢ ነው ብለው ያምናሉ። ይህ እምነት እሁድ እሁድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስብከት ይሰማል። የሴቶች አገልግሎት ካላስተማረው ማን ያስተምረዋል?

ስለዚህ ጤናማ አገልግሎት ቢያንስ ሁለት ምሥጢር የሚጠብቁ፣ የሠለጠኑ እናቶች ያስፈልጉታል። ምሥጢር የሚለው ቃል ይሰመርበት። በትንሽ ከተማ የጸሎት ርዕስ በቀላሉ ወሬ ይሆናል። «እንትናን በጸሎት አስቡ፣ ትዳሯ…» ተብሎ በጀመረ ዓረፍተ ነገር የፈረሰ ኅብረት ጥቂት አይደለም። እነዚህ እናቶች የሕግን በር ማወቅም አለባቸው። የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን፣ የሴት ልጅ ግርዛት በ1997ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ መሆኑን፣ የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና የፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል የት እንደሚገኙ። ግርዛት በተለይ ሊታለፍ አይገባውም። በዚያው የ2008 ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 ከመቶው የተገረዙ ናቸው፤ በኦሮሚያ ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል፣ በአጎራባቹ ሶማሌ ክልል ደግሞ ያልተገረዘች ማግኘት አዳጋች ነው። ከመድረክ ስለዚህ የሚናገር ወንድ ሰባኪ ቢገኝ እንኳ፣ እናት ለእናት በጓዳ የምትናገረውን ያህል አይሰማም።

ከዚያ ገንዘብ ይመጣል። ብዙ መንፈሳዊ ሰው ይህን ርዕስ ይሸሸዋል፤ ቆላው ግን አያስሸሽም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ በሚሊዮን ሲያልቅ፣ ወተት ሸጣ ልጆቿን ታስተምር የነበረች ሴት የወተት ዕቃዋን፣ ጎርፋዋን፣ ባዶ ሰቀለች። ለዚህች ሴት የሚደረግ ጸሎት እህል ካልተከተለው ያዕቆብ በመልእክቱ የወቀሰው ዓይነት ይሆናል። ቦረናና ጉጂ ለእንዲህ ያለው ቀን «ቡሳ ጎኖፋ» የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ከብቱ ያለቀበት ሰው ለጎሳው ያመለክታል፤ ጎሳው ምክንያቱን አጣርቶ ከየቤቱ ከብት አውጥቶ እንደገና ያቋቁመዋል። የኦሮሚያ ክልልም በቅርብ ዓመታት በዚሁ ስም ተቋም አቁሟል። ከተማ የገባችው፣ ከጎሳዋ የራቀችው፣ ወይም እምነት በመለወጧ ዘመድ የተቀየማት ሴት ግን ከዚህ መረብ ውጭ ልትቀር ትችላለች። ቤተክርስቲያን ጎሳዋ የምትሆንላት እዚህ ላይ ነው።

የሚቻል መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ እዚያው ቦረና ላይ አለ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ የሠራ አንድ የአርብቶ አደር ምርምር ፕሮጀክት የቦረና ሴቶችን ድንበር አሻግሮ የኬንያ አርብቶ አደር ሴቶች ማኅበራትን አስጎበኛቸው። ያዩት ነገር አነሳሳቸው። ተመልሰው ተደራጁ። በመጨረሻ 59 ቡድኖች፣ 2,300 ያህል አባላት ተፈጠሩ፤ አብዛኞቹ ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶች ናቸው። ማንበብና መጻፍ ተማሩ፣ ቆጠቡ፣ ተበደሩ፣ ከብት ነገዱ። ውጤቱ በ2004 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው ዓለም አቀፍ መጽሔት ታተመ። ቡድኖቹ የቤተክርስቲያን አልነበሩም፤ ሴት ለሴት ማየት ከማንኛውም ሥልጠና እንደሚበልጥ ግን አስመስክረዋል። የነገሌ እህቶች የሞያሌን፣ የሞያሌዎቹ የያቤሎን ኅብረት ሄደው ቢጎበኙ የአውቶቡሱ ዋጋ ከአንድ ኮንፈረንስ ድግስ አይበልጥም።

በቤተክርስቲያን በኩልም ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተክርስቲያን ከብሪታኒያው የዕርዳታ ድርጅት ከቴርፈንድ ጋር ሆና በ2002 እ.ኤ.አ. በናዝሬት በአምስት ቡድኖችና በ100 ያህል ሰዎች የራስ አገዝ ቡድን ጀመረች። አሠራሩ ከሕንድ የመጣ ቢሆንም እቁብና እድርን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ይገናኛሉ፤ ጥቂት ሳንቲም ይቆጥባሉ፤ ከራሳቸው ገንዘብ ይበደራሉ፤ ሊቀመንበርነቱ በተራ ይዞራል። ከውጭ የሚሰጥ መቋቋሚያ ገንዘብ የለም። በአሥር ዓመት ውስጥ ቡድኖቹ በአገሪቱ በሺዎች ተቆጠሩ። የተራው ሊቀመንበርነት ትልቅ ጥበብ አለው። በብዙ አጥቢያዎች የሴቶች አገልግሎት የሚደክመው አንዲት እህት አሥራ አምስት ዓመት ስትመራው፣ ወይም የመጋቢው ሚስት ስለሆነች ብቻ መሪነቱ ሲጫንባት ነው። የመጋቢ ሚስት ጸጋዋ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ትጠየቅ እንጂ አትመደብ።

ትምህርቱስ በምን ቋንቋ ነው? ነገሌ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ ገበያ የሚሰሙባት ከተማ ናት። የጥናት ጽሑፉ ግን በአብዛኛው በአማርኛ ታትሞ ከላይ ይመጣል። በ2008ቱ ዳሰሳ ማንበብ የሚችሉት የአገሪቱ ሴቶች 42 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በአርብቶ አደሩ አካባቢ ከዚህ በታች እንደሚሆን መገመት አይከብድም። እንግዲህ «ምዕራፉን አንብባችሁ ኑ» የሚል ጥናት ከግማሽ በላይ እህቶችን ገና ከበሩ ይመልሳል። የመካነ ኢየሱስ ቤተክርስቲያን ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምሥራች ድምፅ በሚል ያካሄደችው የማንበብና መጻፍ ዘመቻ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ፊደል አስቆጥሯል። ያ ዘመቻ ዛሬ በሴቶች አገልግሎት ስም በየአጥቢያው በትንሹ ሊነሳ ይችላል። እስከዚያው ደግሞ ታሪክን በቃል መተረክ፣ በስልክ ካርድ የድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ ማደል፣ በግጥምና በመዝሙር ማስያዝ አለ። የቦረና ሴት በቃሏ የምትይዘውን የዘር ሐረግና ዜማ የሰማ ሰው ስለ ማስታወስ ችሎታዋ አይጠራጠርም።

የመሪነቱ ጥያቄ አብያተ ክርስቲያናቱን ይለያያል። መካነ ኢየሱስ የሴቶችን ቅስና በ1997 እ.ኤ.አ. በጠቅላላ ጉባኤዋ ወስና የመጀመሪያዋን ሴት ቄስ በ2000 እ.ኤ.አ. ሾመች። ሌሎች ሴትን ለሽማግሌነትም አይመርጡም፤ ለዚህም ከመጽሐፍ የሚጠቅሱት አላቸው። ክርክሩ በዚህ ጽሑፍ አያልቅም። ነገር ግን ሴት ቄስ ባትሆንም የበጀት ኮሚቴ አባል እንዳትሆን የሚከለክል ጥቅስ የለም። የዕርዳታ እህል ሲከፋፈል የትኛዋ መበለት እንደተረሳች የምታውቀው እሷ ናት። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የሚጀምረውም በዚሁ ቅሬታ ነው፤ በዕለት ምግብ የተረሱ መበለቶች ነበሩ፤ ሐዋርያቱም ጉዳዩን ንቀው አላለፉትም።

የኦርቶዶክስ እናቶች ልምድም ከዚህ ዳሰሳ ሊቀር አይገባውም። በየወሩ በ21 በማርያም ስም የሚጠጡት ማኅበር ለብዙ ከተሜ ሴት የመጀመሪያው የመተጋገዣ ትምህርት ቤት ነው። ተራው በየቤቱ ይዞራል፤ ደኃዋም ባለጸጋዋም ታስተናግዳለች፤ የቀረችው ትጠየቃለች። ወንጌላውያኑ ማኅበሩን ሲተዉ ያንን ተራ የሚተካ ነገር ሳያበጁ የቀሩበት ቦታ አለ። በቤተክርስቲያን አዳራሽ ብቻ የሚገናኝ ኅብረት የእህቱን ጓዳ አያይም፤ ዱቄት ማለቁን አያውቅም።

አገልግሎቱ በግጭት ቀንም ይፈተናል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ሲፈናቀል፣ በዚያው ዓመት መጋቢት በሞያሌ በተፈጸመው ግድያ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ኬንያ ሲሸሽ፣ የሸሸውም ያስጠለለውም ክርስቲያን ነበረበት፤ ሙስሊምም፣ የነባሩ የኦሮሞ እምነት ተከታይ ዋቄፈታም ነበረበት። የጉጂና የጌዴኦ እህቶች በአንድ ሲኖዶስ ወይም በአንድ ቀጣና ውስጥ በአንድ መዝሙር ያመልካሉ። ወንዶቹ በሽምግልና ሲነጋገሩ ሴቶቹ በጋራ እንዲያለቅሱና እንዲጸልዩ የሚያገናኝ መድረክ ከሌለ አገልግሎቱ ከአጥር ውስጥ አልወጣም ማለት ነው። ይህን ሥራ ለመጀመር ፈቃድ እንጂ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

የየአጥቢያው ሽማግሌዎችና መጋቢዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የዓመቱ በጀት ሲቀርብ «የሴቶች አገልግሎት» ከሚለው መስመር ፊት የተጻፈውን ቁጥር ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ከዚያ ወጥ ቤት ያሉትን እህቶች ጥሩና ስብሰባቸው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ቢሆን እንደሚመቻቸው ጠይቋቸው፤ መልሱንም በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፉት።